ሽንቴን የጠበቅሁባቸው ሃያ ሦስት ቀናት

መጀመሪያ ያየሁት ቀለሙን ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሰመራ ውስጥ ባረፍኩበት ፔንሲዮን መጸዳጃ ቤት ቆሜ ስሸና የወረደው ነገር ሽንት አይመስልም ነበር። ከአሮጌ የጭነት መኪና ሞተር የተገለበጠ፣ የተቃጠለ ዘይት ነው የሚመስለው። አላመመኝም። አላቃጠለኝም። ጠቁሮ ወረደና ቆመ።

ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ አዋሽ ላለችው ባለቤቴ ለዘሀራ ደወልኩ።

«ዘሀራ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ባልሽ ነዳጅ አወጣ። ከእንግዲህ ቦቴው ሁሉ ጅቡቲ መሄዱን ትቶ እኔ ጋ ይሰለፋል» አልኳት።

«ሂድ ወዲያ! ሽንትህ እንኳ ዋሾ ሆነ?» ብላ እየሳቀች ዘጋችው።

እውነቴን ነበር። ግን በትዳራችን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላጋነንኩበት ቀን ስላልነበረ፣ እውነቴን ከቀልዴ የምትለይበት ምልክት አልነበራትም።

ሰይድ እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነው። ትውልዴ ወሎ፣ ኑሮዬ አዋሽ፣ ሥራዬ ጎሚስታ ነው። በጅቡቲ መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ይህን የምጽፈው ሰውነቴን ላጠንክር ብሎ ተነስቶ እንደ እኔ ለወደቀና አሁን በዲያሊስስ አልጋ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ለሚያይ ሰው፣ እንዲሁም እግርጌው ለተቀመጠ ቤተሰቡ ነው። ዝሆን ያህል ነገር ካልጨመርኩ ወሬ የማይጥመኝ ሰው ነኝ፤ እዚህ ግን የምጽፈው የሆነውን ብቻ ነው። ያጋነንኩበት ቦታ ካለ፣ ማጋነኔን እነግራችኋለሁ።

ነገሩ ሲጀመር መልካም ነበር። ከዓመት በፊት አዋሽ ውስጥ ያየኝ ሐኪም ደም ግፊቴን ለክቶ «አቶ ሰይድ፣ ይህ ሆድ ካልቀነሰ ልብዎ አይሸከመውም» አለኝ። እኔም በማግስቱ ሁለት የፒክአፕ ቸርኬ፣ ጎማ የሚለብሰውን ብረት፣ ከብረት ቱቦ ጋር አበይጄ የክብደት ማንሻ ሠራሁ። አሮጌ ጎማ በገመድ ወገቤ ላይ አስሬ ጓሮዬን አረስኩት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትነቃብኝ፣ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ዳር መሮጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ ሜትር አልሞላሁም፤ ዱብ ዱብ ማለቴ አሳዝኖት ነው መሰል፣ አንድ ውሻ አብሮኝ ቆመ። በስምንተኛው ወር ስምንት ኪሎ ሜትር ሳላቋርጥ እሮጥ ነበር። ሱሪዬ ያለ ቀበቶ አልቆም አለ። ግፊቴ ወረደ። እንቅልፌ ተመለሰ። ስለዚህ ብረት ማንሳትም ሩጫም ጠላቶቼ አይደሉም። እኔን የጣለኝ በገዛ አፌ የከመርኩት ውሸት ነው።

ሰመራ የሄድኩት ለሩጫ ነበር። ጥቂት የሰፈር ሯጮች ቅዳሜ ማለዳ ከሰመራ ወደ ሎግያ አስር ኪሎ ሜትር እንሮጣለን ብለው ጠሩኝ። ረቡዕ በደንበኛዬ መኪና ገባሁ። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ወፍ እንኳ ጥላ ፈልጋ በምትጠፋበት ሰዓት፣ ከአንድ ጋራዥ ዳስ ሥር ሹፌሮች መሃል ተቀምጬ ስለ ሩጫዬ ወሬ እቸረችራለሁ።

«ይሄ ነው ሯጩ? ይሄ ሰውዬ እኮ ሎግያ የሚደርሰው በክሬን ነው!» አለ አንዱ።

«አንተ ምን ታውቃለህ? እኔ በየቀኑ ከሱብሒ በፊት ቸርኬ ተሸክሜ አምስት መቶ ቁጭ ብድግ የምሠራ ሰው ነኝ» አልኩ።

እውነቱ ይኸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ባዶ ትከሻ፣ አርባ።

«ቸርኬው እነሆ፣ ጋሼ። ሦስት መቶ ይበቃናል» አሉና አመጡልኝ።

ያን ጊዜ «ስቀልድ ነው» ብል ያበቃ ነበር። አላልኩም። ቸርኬውን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። እስከ መቶ እየሳቁ ቆጠሩልኝ። ከመቶ በኋላ መሳቃቸውን ተዉ። ሁለት መቶ ላይ አንዱ «ይበቃል፣ አባቴ» አለ። ሦስት መቶ ሞላሁ። ደግፈው አስቀመጡኝ። እግሮቼ እንደ ተቀጣ ተማሪ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ዓርብ ታፋዬ አብጦ ደነደነ። ቁጭ ብሎ መጸዳዳት አልቻልኩም። ከአንድ መድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጋሁ፤ ማታም ደገምኩ። በዚህ መንገድ ላይ የምንኖር ሰዎች ዲክሎፌናክን የምናየው እንደ ከረሜላ ነው፤ ወገቡን ያመመው ሹፌር ሁሉ ይወጋውና መሪውን ይጨብጣል። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን ተብሎ፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ፀሐይዋ ከእኛ በፊት ተነስታ ነበር። ሆዴ እንዳይከብደኝ ብዬ ውሃ አልጠጣሁም። አስሩን ኪሎ ሜትር ጨረስኩ፤ አብዛኛውን በእግሬ ሳይሆን በእልኬ ነው የሮጥኩት። ከዚያ በባጃጅ ወደ ፔንሲዮኑ ተመለስኩና የነገርኳችሁን ቀለም አየሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። አንዲት ለጋ ጤና ባለሙያ ተቀበለችኝ።

«ምን ያህል ውሃ ጠጥተዋል?»

«የአዋሽን ወንዝ እኩሌታ። ቀሪውን ለአዞዎቹ ተውኩላቸው።»

«የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

«የሚስቴን ቁጣ፣ በቀን ሦስት ጊዜ።»

ልጅቷ ሳቀች። እኔም በማሳቄ ደስ አለኝ። ቁጭ ብድጉን አልነገርኳት፤ መርፌውንም እንዲሁ። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሆን ኪኒን ጽፋ ሰጠችኝ። እሷን አልከሳትም። የምትመረምረው ሰውዬ ቀልዱን ከፊቷ አስቀምጦ በሽታውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የወጣው።

እሑድ ጠዋት የወጣው ሽንት ግማሽ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም። ከሰዓት ጠብታ ሆነ። ከዚያ ቀረ። ሰኞ ማስታወክ ጀመርኩ። እጄ ከበደኝ። የፔንሲዮኑን በር ለመክፈት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

ዘሀራ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ እየተዝናናሁ ነው» አልኳት።

ያገኘኝ ያዮ ነው። ያዮ አፋር ነው፤ ፍየልና ግመል ይነግዳል፤ የፒክአፑን ጎማ ለአሥራ ሁለት ዓመት የለጠፍኩለት እኔ ነኝ። ለገበያ ሰመራ ገብቶ «ጎሚስታው እዚህ ታሞ ተኝቷል» ሲሉት መጣ። ስለ እሱና ስለ እኔ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ይልና ዳጉ ይቀባበላል፤ ማለትም ያየውንና የሰማውን፣ ያየውን ከሰማው ለይቶ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። የሰውም የከብትም ሕይወት በዚያ ወሬ ላይ ነው የሚያድረው። ያዮም በወዳጅነታችን መጀመሪያ ዳጉ ሲጠይቀኝ፣ ለማሳቅ ብዬ «አዳይቱ ላይ ጎርፍ ወርዶ ግመል ወሰደ» አልኩት። እሱ አልሳቀም። ወንድሞቹን ልኮ መንጋውን በሌላ፣ ውሃ በሌለው መንገድ አስዞረ። ሁለት ግልገል ግመል በጥም ሞተበት። ይቅርታ ለመንኩት፤ ይቅር አለኝ። ወዳጅነታችንም ቀጠለ። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ጎማ ያስለጥፈኛል፣ ሻይ ይጠጣል፣ በቀልዴ ይስቃል፤ ዳጉ ጠይቆኝ አያውቅም።

ያን ሰኞ አልጋዬ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ሰይድ፣ ዳጉ» አለኝ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ እንባዬ መጣ። ነገርኩት። አርባ እንጂ አምስት መቶ እንዳልነበረ ነገርኩት። ሦስት መቶውን ነገርኩት። ሁለቱን መርፌ፣ ውሃ አለመጠጣቴን፣ የሽንቱን ቀለም፣ የመጨረሻውን ጠብታ ሰዓት። አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጠኝ።

«ጥቁር ያልከውን አየኸው ወይስ መሰለህ?»

«አየሁት።»

ተነሳ። ደግፎ መኪናው ላይ ጫነኝና ሆስፒታል ወሰደኝ። እዚያ ስደርስ ምላሴ ተሳስሮ ነበር። የነገርኩትን ሁሉ በቅደም ተከተሉ ለሐኪሙ የነገረው ያዮ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ብዕሩን እንደያዘ ያዳምጥ ነበር።

«አስታማሚ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

ደሜን ወሰዱ። ውጤቱ መጣ። ክሪያቲኒኔ፣ ኩላሊት ካላጣራው ደም ውስጥ የሚከማቸው፣ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት፤ በጤናማ ሰው አንድ ገደማ ነው። ፖታሲየም ከፍ ብሏል። ሲኬ የሚባለው፣ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚፈስሰው ኢንዛይም፣ መሣሪያው ከሚቆጥረው በላይ ሆኗል። በሕይወቴ ያላጋነንኩት አንድ ቁጥር መሣሪያውን አለፈው።

«አቶ ሰይድ፣ ይህ ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። ጡንቻዎ ፈርሷል። የፈረሰው ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊትዎን ደፈነው። መርፌው ደግሞ አባሰው። ዲያሊስስ ያስፈልግዎታል። ዛሬ ለልብዎ መድኃኒት እንሰጣለን፤ ነገ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ።»

«ኩላሊቴ ይመለሳል?»

«ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል።»

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በአምቡላንስ ወጣን። ያዮ ከፊት ተቀመጠ። አዳይቱን እንዳለፍን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩና ነርሱ ወርደው ሲታገሉ እሰማለሁ። አንዱ ዳዶ፣ ጎማውን የሚያጠብቀው ብሎን፣ አልፈታ አላቸው። ቁልፉን አላግባብ እንደያዙት ከድምፁ ብቻ አወቅሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የፈታሁት ዳዶ ነው። አፌን ከፈትኩ። ቃል አልወጣም። እጄን ለማንሳት ሞከርኩ። አልተነሳም። ላቤ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ እንኳ መጥረግ አልቻልኩም። ያዮ ከውጭ በመስኮቱ ብቅ ብሎ አየኝ። የምቀልደው ነገር ፈለግሁ። አንድም አልነበረም።

አዋሽ ላይ ዘሀራ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ያዮ ደውሎላት ነበር። በሩ ሲከፈት የራሴን የጎማ ቤት ከጀርባዋ አየሁት፤ ተዘግቷል። ዘሀራ ገባች፣ እጄን ያዘች። «ነዳጁ እውነት ነበር?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። እስከ አዲስ አበባ እጄን አልለቀቀችም። ያዮ ከአዋሽ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሲለየን «በየቀኑ አስር ሰዓት እደውላለሁ» ብቻ አለ።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ስንደርስ አንገቴ ላይ ቱቦ አስገቡ። በአንዱ በኩል ደሜ ይወጣል፤ ማሽኑ ያጥበዋል፤ በሌላው ይመለሳል። አራት ሰዓት ይፈጃል። በየሁለት ቀኑ። ከማሽኑ ስወርድ የተጨመቀ ልብስ ነበርኩ። ማሽን ላይ ባልሆንኩበት ቀን ደግሞ ውሃ ይጠማኛል፤ መጠጣት አይፈቀድልኝም። በቀን ሁለት ኩባያ። የሰመራን ሙቀት የቀመሰ ሰው አዲስ አበባ ብርድ ልብስ ሥር ሆኖ በጥም ሊያብድ እንደሚችል ማን ያምናል? ዘሀራ ከንፈሬን በእርጥብ ጥጥ ታብስልኝ ነበር። ሶላቴን ተኝቼ በዓይኔ እሰግዳለሁ። ዱዓዬ አንድ ነበረ። ሰው ፈጣሪውን ጀነት ይለምናል፤ እኔ ሽንት ለመንኩ።

አጠገቤ ያለው አልጋ የጋሽ ተፈራ ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ግፊት ቀስ በቀስ ኩላሊታቸውን ጨርሶታል፤ በዲያሊስስ አራተኛ ዓመታቸው ነው። የእኔ ኩላሊት ሊነቃ ይችላል። የሳቸው አይነቃም። ይህን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ቢሆንም በየጠዋቱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሰይዶ፣ ሸናህ?» ነበር።

«አልሸናሁም፣ ጋሼ።»

«ነገ ትሸናለህ።»

አንደኛ ሳምንት አለፈ። አልመጣም። ሁለተኛው ገባ። ሐኪሟ፣ ደልደል ያለች ሴት፣ በየቀኑ ትመጣና የሽንቱን ጠርሙስ ታያለች፤ ባዶ ነው። አንድ ቀን ዘሀራን ውጭ ጠርታ ስታናግራት በበሩ መስታወት አየኋት። ዘሀራ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ስትመለስ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ አልረሳውም። ለእኔ ብላ ፊቷ ላይ የለጠፈችው ነበር። ተከራይተን የምናድርበት ቤት፣ የተዘጋው ሥራ፣ አዋሽ የቀሩት ልጆች፣ ይህ ሁሉ ዕድሜ ልክ ሊሆን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። አዋሽ ዲያሊስስ የለም። ኩላሊቴ ካልነቃ አዋሽ የለም። ጎማ የለም። ሐዲዱ ዳር የለም። መሞትን ተመኘሁ። ጮኼ አልተመኘሁም። በዝምታ፣ እንደ ሥራ ጉዳይ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት መለኪያ ኩባያውን ይዤ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ሦስት ጠብታ ወጣ። የዘሀራን ፊት አሰብኩ። ቧንቧውን ከፈትኩ። ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር የሚለው መስመር ድረስ ሞላሁት። ጠብታዎቹ ውሃውን ገርጣ ያለ ቢጫ አደረጉት። ይዤ ወጣሁ።

ዘሀራ አየችው። እልልታዋ ኮሪደሩን ሞላው። አስታማሚው ሁሉ ወጣ። የማላውቃቸው ሰዎች አቀፏት። ጋሽ ተፈራ በክርናቸው ተደግፈው ተነሱና አጨበጨቡልኝ። ሐኪሟ መጣች፣ ጻፈች፣ ፈገግ አለች።

«ጥሩ ምልክት ነው። የዛሬውን ዲያሊስስ እናዘግየውና የነገ ጠዋቱን የደም ውጤት እንይ» አለች።

የእኔ ተራ፣ ቀናቸው ሳይደርስ ትንፋሽ ያጥራቸው ለነበሩት ለጋሽ ተፈራ ተሰጠ። እኔ ፈገግ እያልኩ ተኛሁ። አንድ ቀን ደስ ይበላት ብዬ ነው፤ ራሴን ያሳመንኩት በዚህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልቤ አንድ ምት መዝለል ጀመረ፤ ለነርሷ አልነገርኳትም።

አስር ሰዓት ላይ ያዮ ደወለ። ዘሀራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች፤ ለራሷ፣ ከመጣን የመጀመሪያዋ መሆኑ ነው።

«ሰይድ፣ ዳጉ።»

ስለ እንቅልፌ ነገርኩት። ስለ ምግቡ ነገርኩት።

«ሽንትስ?»

የዘሀራን እጅ አየሁ።

«ሰይድ፣ ሽንትስ?»

«የለም።» ዘሀራ እጇ ቆመ። «ኩባያው ውስጥ የነበረው የቧንቧ ውሃ ነው። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ሐኪሙ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ዘሀራ ሰምታለች?»

«ሰምታለች።»

«በቃ» አለና ዘጋው።

ዘሀራ ብርቱካኗን አስቀመጠች። «እልል ያልኩት ለቧንቧ ውሃ ነው?» አለችኝ። ሐኪሟን ልትጠራ እየሮጠች ወጣች።

ሐኪሟ መጥታ የልቤን ምት መለኪያ አየች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አቶ ሰይድ፣ እኔ የማክመው የነገሩኝን ነው። ፖታሲየሙ ዛሬ ልብዎን ሊያቆመው ይችላል» አለች። ባዶ ማሽን ግን አልነበረም። የእኔ ተራ ሄዷል። ጋሽ ተፈራን ከማሽኑ ጋር ልታገናኝ ነርሷ ቱቦውን ይዛ ነበር።

«እሱን አስቀድሙት» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ታፍነዋል» አለቻቸው።

«እኔ የለመድኩት ነው። እስከ ጠዋት እችላለሁ። እሱ ገና ጀማሪ ነው፣ መዋሸት እንኳ በቅጡ አልቻለበትም።»

እኔን አስገቡኝ። እሳቸው ሌሊቱን ተቀምጠው አነጉ፤ መተኛት ስለማይችሉ ትራስ አቅፈው። የትንፋሻቸው ድምፅ የውሃ መሳቢያ ይመስል ነበር። አንድ ጊዜ «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። እጃቸውን አነሱልኝ። መናገር አልቻሉም። ያን ሌሊት ማጋነን የማያስፈልገው ነገር በዓለም ላይ እንዳለ አየሁ። ማለዳ ማሽን ገቡና ተረፉ።

ዘሀራ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አበላችኝ፣ አጠበችኝ፣ አገላበጠችኝ፤ አላናገረችኝም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሆዴ ሥር የረሳሁት ስሜት ተሰማኝ። ኩባያውን ያዝኩ። ወጣ። አርባ ሚሊ ሊትር፣ ደብዛዛ፣ ግን ሽንት። ይዤ ስወጣ ዘሀራ አላየችውም።

«ተመለስና ሽና፣ እያየሁ» አለች።

«ዘሀራ፣ ወላሂ...»

«ግባ።»

ሁለት ጠብታ እስኪመጣ በሩ ተከፍቶ፣ ሚስቴ እንደ ፍተሻ ፖሊስ ቆማ፣ ሃያ ደቂቃ ቆየን። መጣ። ኩባያውን ከእጄ ወስዳ በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ይሞቃል» አለች። ከዚያ የመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ እያለ የሄደ ነው። ሽንቱ በቀን መቶ፣ ከዚያ አምስት መቶ፣ ከዚያ በአንድ ቀን አራት ሊትር ሆነና ደግሞ በድርቀት እንዳልሞት በግሉኮስ ያዙኝ፤ ዲያሊስሱ ተራርቆ በስድስተኛው ሳምንት ቆመ፤ ቱቦው ከአንገቴ ሲወጣ ነርሷ ጣቷን ተጭና ይዛ ስትቆጥር እኔም አብሬ ቆጠርኩ። ታፋዬ ከሥጋ የተራቆተ ስለነበር ከወንበር መነሳትን እንደ ሕፃን ተማርኩ፤ የመጀመሪያው ቀን አንድ ቁጭ ብድግ፣ ያውም የአልጋውን ብረት ይዤ፤ ከሳምንት በኋላ ሦስት፤ አዋሽ ከተመለስኩ በኋላ፣ የዘሀራ ወንድም የያዘልኝን የጎማ ቤት በሩ ላይ ወንበር ዘርግቼ እያየሁ መዋል፣ ጠዋት ጠዋትም ከሐዲዱ እስከ ገበያው መራመድ ጀመርኩ። አሁን በግማሽ የተሞላ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በሁለት እጄ አነሳለሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሐኪሜ ፈቅዳልኝ።

ሙሉ ድኛለሁ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ክሪያቲኒኔ አንድ ነጥብ ስምንት ላይ ቆሟል፤ አልወርድ ብሏል። ሐኪሟ «ካልተጠነቀቁ ተመልሰው ይመጣሉ» ብላኛለች። በየሦስት ወሩ ደም ስሰጥ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ያለችውን ሰዓት የአሥራ አራተኛውን ቀን ሰውዬ ሆኜ ነው የማሳልፋት። ዘንድሮ ረመዳንን እንዳልጾም ተከልክያለሁ፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ችግረኛ አበላለሁ። ቤተሰቡ ጾሞ እኔ ውሃ ስጠጣ የማፍረውን ያህል በሌላ ነገር አፍሬ አላውቅም።

ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ሰውነት ማጠንከር ለጀመራችሁ፤ ቀጥሉ፣ ግን ትናንት አርባ የሠራ ሰው ዛሬ ሦስት መቶ አይሠራም፣ ማንም ቢያጨበጭብለት። በሙቀት አትሩጡ፤ ከሮጣችሁም ጠጡ። ጡንቻችሁ ያበጠ ቀን እረፉ፣ ዲክሎፌናክ ተወግታችሁ አትውጡ። ሽንታችሁ ከጠቆረ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ስትሄዱም ሐኪሙን አታስቁት፤ ስንት እንደሠራችሁ፣ ምን እንደወሰዳችሁ፣ መቼ እንደሸናችሁ ንገሩት። አልጋ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ሽንቱ ካልመጣ አልመጣም በሉ። የሚወዷችሁ ሰዎች መጥፎውን ወሬ ይችሉታል። ውሃውን ነው የማይችሉት።

ምስጋናዬ ለአላህ ነው። ከዚያም ለያዮ፤ እስከ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይደውላል፣ እኔም የሆነውን እነግረዋለሁ። ለሁለቱ ሐኪሞች። ለዘሀራ የሚሆን ምስጋና በቃል አላገኘሁም።

ለጋሽ ተፈራ ደግሞ በየሳምንቱ፣ ማሽን ላይ በሚሆኑበት ቀን እደውላለሁ። እኔ በምን ሥራዬ ተመለስኩ፣ እሳቸው በምን ጥፋታቸው እዚያ ቀሩ? ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ድምፃቸው ከወትሮው ደክሞ ነበር።

«ሰይዶ፣ ዛሬ ስንት ሸናህ?» አሉኝ።

«ሁለት ሊትር ገደማ፣ ጋሼ።»

«በትክክል?»

«ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ።»

«ተመስገን» አሉ። ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅሁ። «እስቲ አልሐምዱሊላህ በልልኝ። በአንተ ቋንቋ ልስማው።»

አልኩላቸው። ከወዲያ ማዶ ማሽኑ መጮህ ጀመረ፤ ነርሷ «ጋሼ፣ ክንድዎን አያንቀሳቅሱ» ስትል ሰማሁ፤ ስልኩም ተዘጋ።